መጀመሪያ ፈተናው፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲው፦ ስለ አክቹዋሪያል ሳይንስ ለወጣው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጎረቤቴ ስልካቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ሱቅ አላቸው። ልጃቸው ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ሒሳብ ነፍሷ ነው። «እስቲ ይህን አንብብና ንገረኝ። ልጅቱ ካነበበችው ወዲህ ምግብም አልበላላት አለ። እኔም ኮምቦልቻ ያለችኝን ቦታ ለደላላ ልሰጣት ነው» አሉኝ።

አነበብኩት። ሰሞኑን ብዙ ወላጅ እየተቀባበለው ያለ ጽሑፍ ነው። አክቹዋሪ መሆን የሚፈልግ ተማሪ የት ይማር የሚል ነው። አክቹዋሪ ማለት የሞትን፣ የሕመምን፣ የአደጋን ዕድል በሒሳብ አስልቶ አንድ መድን ድርጅት ወይም ጡረታ ፈንድ ዛሬ ስንት መሰብሰብ፣ ስንት ማስቀመጥ እንዳለበት የሚናገር ባለሙያ ነው። ጸሐፊው ይህን ሙያ ለልጆቻችን ማስተዋወቃቸው በጎ ነው። ምክራቸው ግን አስደነገጠኝ።

የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። ዲግሪው ላይ «አክቹዋሪያል ሳይንስ» የሚል ስም ከሌለ ሙያው ውስጥ መግባት አይቻልም። ስለዚህ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስታትስቲክስ መማር ዕድሜ ማባከን ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚመረጠው በዓለም ደረጃው ነው። የሙያ ፈተናዎቹ ከምረቃ በኋላ ይደረስባቸዋል። ቤተሰብ ንብረት ሸጦም ቢሆን ልጁን ናይሮቢ ወይም ከዚያ ወዲያ ይላክ፤ ወጪው በሁለት ዓመት ደመወዝ ይመለሳል። ሲጨርሱ ደግሞ «ለመሆኑ ወሎ ውስጥ አክቹዋሪ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቃሉ።

ማን ሆኜ እንደምመልስ ልናገር። ስታትስቲክስ ተምሬ አዲስ አበባ አንድ የመድን ድርጅት ውስጥ፣ የሕይወት መድን ክፍል፣ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አክቹዋሪ አይደለሁም። አክቹዋሪዎች የሚሠሩበትን መረጃ የማዘጋጅ ሰው ነበርኩ። ምን እንደሚጠይቁ፣ ምን እንደሚጎድለን በቅርብ አይቻለሁ።

ከዲግሪው ስም ልጀምር፤ የሌላው ሁሉ መሠረት እሱ ነውና። ሰውን አክቹዋሪ የሚያደርገው ዲግሪ አይደለም። የሙያ ማኅበር ፈተና ነው። በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቁት ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ የአሜሪካው የአክቹዋሪዎች ማኅበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 የተቋቋመ። ሌላው የእንግሊዙ የአክቹዋሪዎች ኢንስቲትዩትና ፋኩልቲ ነው፤ ሁለት የቆዩ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2010 ተዋህደው የፈጠሩት። በሁለቱም ተማሪው ፈተና በፈተና እየወጣ መጀመሪያ አሶሺየት፣ ከዚያ በመጨረሻው ማዕረግ ፌሎው ይሆናል። ፌሎው ለመሆን ብዙ ሰው ከ7 እስከ 10 ዓመት ይፈጅበታል። አብዛኛውም ሥራ ይዞ፣ ማታ ማታ እያጠና ነው። በአክቹዋሪያል ሳይንስ ተመርቆ ፈተናዎቹን ያላለፈ ሰው አክቹዋሪ አይባልም። በሒሳብ ወይም በስታትስቲክስ ተመርቆ ያለፈ ግን ይባላል።

ከዚህም ይልቃል። የአሜሪካው ማኅበር የመጀመሪያውን ፈተና ለመውሰድ ዲግሪ አይጠይቅም። ያ ፈተና ፒ ይባላል፤ የፕሮባቢሊቲ፣ ማለትም የዕድል ስሌት ፈተና ነው። 30 ጥያቄ፣ 3 ሰዓት። ለአንድ ጥያቄ 6 ደቂቃ ማለት ነው። ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው፤ ግን በግምት የሚወጡ አይደሉም። ቀጣዩ ፈተና ኤፍ ኤም ነው፤ የወለድና የብድር ሒሳብ። ለሁለቱም ማኅበሩ ራሱ የመለማመጃ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው በነፃ አውጥቷል። ደሴ ላይ ሆና፣ ስልኳ ላይ አውርዳ፣ አንዲት ተማሪ ዛሬ ማታ ልትጀምር ትችላለች።

ስለዚህ «ፈተናው ከምረቃ በኋላ ይደረሳል» የሚለው ምክር የተገለበጠ ነው። በየትኛውም አገር ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ፈተና አልፈሃል?» ብሎ ነው። ሳይመረቁ አንድ ሁለት ያለፉ ልጆች ባሉበት ወረፋ፣ ባዶ እጁን የተመረቀ ልጅ የትም ይማር የት ወደኋላ ይቀራል። ሌላም ጥቅም አለው። ለፒ ፈተና ሦስት ወር ያጠና ተማሪ ሙያው የእሱ መሆን አለመሆኑን ያውቃል። ይህን ሳያውቁ ቦታ መሸጥ ምን ይሉታል? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን።

ጸሐፊው እውነት ያላቸው ቦታ አለ፤ እሱን አልክድም። ጥሩ የአክቹዋሪያል ፕሮግራም ትልቅ ነገር ይሰጣል። የእንግሊዙ ማኅበር አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችን መርምሮ እውቅና ይሰጣል። እዚያ የተማረ ልጅ በተወሰኑ ኮርሶች የተጠየቀውን ውጤት ካመጣ፣ ከማኅበሩ ፈተናዎች ጥቂቶቹ ይቀሩለታል። ስኮትላንድ ኤደንብራ ያለው ሄሪዮት ዋት በዚህ የታወቀ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በአገሩ የአክቹዋሪ ማኅበር እውቅና አለው። የአሜሪካውም ማኅበር የአክቹዋሪ ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችን በደረጃ ለይቶ በራሱ ገጽ ያስቀምጣል። ከዚያ በላይ አብረው የሚያጠኑ ጓደኞች አሉ። የሕይወት መድን ሒሳብ ለብቻ ሲያነቡት ከባድ ነው፤ እኔ ሞክሬ አውቀዋለሁ። ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኘ ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ ቢሄድ ዓይኔን ሳላሽ «ሂድ» እለዋለሁ።

ጽሑፉ ግን ይህን አላነሳም። ስለ እውቅና አንድ ቃል የለውም። የሚያወራው ስለ ዓለም ደረጃ ነው። የዓለም ደረጃ ሰንጠረዦች በብዛት የሚመዝኑት የምርምር ጽሑፍን፣ የጥቅስ ብዛትንና ዝናን ነው። በሕክምና ምርምሩ የገነነ ዩኒቨርሲቲ የአክቹዋሪ መምህር ላይኖረው ይችላል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ይህ ፕሮግራም የማኅበሩ ዝርዝር ላይ አለ? የትኞቹን ፈተናዎች ያስቀራል? በስንት ውጤት? እውቅናው ልጄ በምትገባበት ዓመት ይሠራል? መልሱ መገኘት ያለበት በማኅበሩ ገጽ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ወይም በወኪል አፍ አይደለም። የአጎቴ ልጅ በአንድ ወኪል ቃል ብቻ ከአገር ወጥቶ ተምሯል። ሲመለስ አቻ ግምት ለማግኘት ወራት ተንከራተተ። ውጭ የሚማር ሰው ሲመለስ ዲግሪውን የሚያስገምተው ትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ነው። ከመሄዱ በፊት እዚያ ጎራ ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍለውም ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ልምጣ፤ ያናደደኝ እዚህ ላይ ነውና። «ዕድሜ ማባከን» የሚለውን ያቺ ልጅ አንብባዋለች። ዩኒቨርሲቲው ወጣት ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው ሥራ የጀመረው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙ ንብረቱ ተዘርፏል፣ ወድሟል። ችግር የለበትም አልልም። ግን ጥያቄው ለአክቹዋሪነት የሚያስፈልገው መሠረት ስታትስቲክስ ውስጥ አለ ወይ ነው። አለ። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ ማቴማቲካል ስታትስቲክስ፣ ሪግሬሽን፣ ታይም ሲሪስ፤ የስታትስቲክስ ትምህርት አጥንት እነዚህ ናቸው። የአክቹዋሪ ፈተናዎች የመጀመሪያው ግማሽ የሚቆመው በእነዚሁ ላይ ነው። የሚጎድለው የፋይናንስና የሕይወት መድን ሒሳቡ ነው። እሱን ተማሪው በራሱ መሙላት አለበት።

አንድ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ልጨምር። እኛ አገር ስታትስቲክስ ወዶ የሚሞላው ተማሪ ጥቂት ነው። ብዙው «ደርሶኝ ነው» የሚል ነው። ተማሪው ከፍሬሽማን በኋላ ዲፓርትመንት ሲመርጥ ሰልፉ ሌላ ቦታ ነው። ይህ ለምትፈልገው ልጅ ዕድል ነው። ፈልጋ የገባች አንዲት ተማሪ ከመምህሮቿ የምታገኘው ጊዜ ሌላ ነው። እኔ በተማርኩበት ክፍል ወደው የገቡት ሦስት ነበሩ። መምህራኑ ለእነዚያ ሦስቱ ከክፍል ውጪ ያስረዱ ነበር፤ መጽሐፍ ከቤታቸው ያመጡ ነበር።

ምደባውም መረሳት የለበትም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምርጫውን ይሞላል እንጂ በአብዛኛው የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ልጅቱ ወሎ ሞልታ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ሊደርሳት ይችላል። ስለዚህ ጭንቀቱን ሁሉ በግቢው ስም ላይ መጣል ጥቅም የለውም። የትም ይድረሳት፣ የሒሳብ ወይም የስታትስቲክስ ክፍል ካለ መንገዱ አልተዘጋም። ልታደርግ የሚገባት የኮርስ ዝርዝሩን ከፈተናው የርዕስ ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣ ምን እንዳለና ምን እንደጎደለ ማየት ነው።

ወጪው ላይ ጽሑፉ በጣም ቸኩሏል። የአራት ዓመቱን ክፍያ በብር አስልቶ፣ የሁለት ዓመት ደመወዝ ቀንሶ፣ «ተመለሰ» ይላል። እንዲህ ያለ ስሌት አክቹዋሪ ፊት አይቀርብም። ክፍያው በዶላር ወይም በሽልንግ ነው፤ የአባት ገቢ በብር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። በ57 ብር አስልቶ ልጁን የላከ ቤተሰብ ሁለተኛው ዓመት ላይ ምን ይሆናል? መንገድ ላይ ያቋረጠ ትምህርት ደግሞ ግማሽ ዋጋ አያወጣም። ምንም አያወጣም። ደመወዙም ቢሆን ሥራ መገኘቱን፣ የሥራ ፈቃድ መገኘቱን፣ ፈተና መታለፉን ሁሉ እንደ እርግጥ ቆጥሮ የተሠራ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የእኔን ስሌት ላስቀምጥ። አንድ የሙያ ፈተና ከ200 ዶላር በላይ ያስወጣል። ለእኛ ይህ ቀላል አይደለም፤ ከ20 ሺህ ብር ያልፋል። ግን ከኮምቦልቻ ቦታ ጋር አይነጻጸርም። ልጅቱ እዚህ በኮስት ሼሪንግ ብትማር፣ አባቷ ለውጭ ትምህርት ሊያወጡት ካሰቡት ጥቂቱን ብቻ ለሁለት ፈተና፣ ለአንድ ደህና ላፕቶፕና ለኢንተርኔት ቢያውሉ፣ ቦታዋ አለች። ሁለቱን ፈተና አልፋ ለማስተርስ ስኮላርሺፕ ስታመለክት ደግሞ ማመልከቻዋ ሌላ ክብደት አለው። ናይሮቢ ጥሩ አማራጭ ነው፤ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አክቹዋሪያል ሳይንስ ያስተምራሉ። ኬንያ የራሷ የአክቹዋሪዎች ማኅበር አላት። ግን የኬንያ ልጅ ቤቱ አድሮ የሚማረውን፣ የደሴ ልጅ ቤት ሸጦ መማር የግድ አይደለም።

የመጨረሻው ጥያቄ «ወሎ ውስጥ አክቹዋሪ ምን ይሠራል?» የሚለው ነው። ይህን ስመልስ ትንሽ ብረዝም ይቅር በሉኝ።

እኛ አገር ቅሬ አለ። ሌላው እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ለምሳሌ 200 አባወራ ያለው አንድ ቅሬ እንውሰድ። በወር 50 ብር ይዋጣል፤ በዓመት 120 ሺህ። ለአንድ ሞት 15 ሺህ ብር ይከፈላል። በአማካይ በዓመት 6 ሰው ይሞታል ብንል 90 ሺህ ወጪ ነው። 30 ሺህ ይተርፋል፤ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ግን ሞት በአማካይ አይመጣም። በአንድ ዓመት 9 ወይም ከዚያ በላይ ሰው የመሞት ዕድሉ ስንት ነው? ፕሮባቢሊቲ የተማረ ልጅ በፖይሰን ቀመር ያሰላዋል፦ 15 በመቶ ገደማ ነው። ከስድስት ሰባት ዓመት አንዴ የዓመቱ መዋጮ የዓመቱን ሞት አይችልም ማለት ነው። ስለዚህ ቅሬው ስንት መጠባበቂያ ይያዝ? ይህ ጥያቄ የአክቹዋሪ ጥያቄ ነው። ቀመሩ ደግሞ እያንዳንዱ ሞት ከሌላው ጋር እንደማይገናኝ ይቆጥራል። በ2014 ዓ.ም. እንዳየነው ጦርነት ሲመጣ፣ ወይም ወረርሽኝ ሲገባ፣ ሞት ተያይዞ ይመጣል። ያኔ ቅሬ ለቅሬ ካልተደጋገፈ አይቻልም። መድን ድርጅቶች ራሳቸው ሌላ መድን ድርጅት ዘንድ መድን፣ ማለትም ጠለፋ መድን፣ የሚገቡትም ለዚሁ ነው።

ሙያው ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ያለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1744 የስኮትላንድ ቀሳውስት ለሚስቶቻቸውና ለልጆቻቸው ፈንድ አቋቋሙ። ሁለት ቄሶች፣ ሮበርት ዋላስና አሌክሳንደር ዌብስተር፣ በየዓመቱ ስንት ቄስ እንደሚሞትና ስንት መበለት እንደሚቀር ቆጥረው አሰሉት። የሒሳብ ሊቁ ኮሊን ማክሎሪን ስሌቱን አየላቸው። መቁጠር የጀመሩት የራሳቸውን ሰው ነበር።

እኔ በሠራሁበት ክፍል ትልቁ ችግራችን ቀመር አልነበረም። ቀመሩን ከውጭ አማካሪ እናገኛለን። ችግሩ ዕድሜ ነበር። የደንበኞችን የልደት ቀን ስናወጣ ከመጠን በላይ ብዙ ሰው መስከረም 1 የተወለደ ሆኖ ይገኛል። ዕድሜው 40፣ 45፣ 50 ላይ ይከመራል። 43 ዓመት የሆነው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሰው ልደቱን ስለማያውቅ አጠጋግቶ ይናገራል። የውጭ አማካሪው ይህን ሲያይ መረጃው ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። የወሎ ልጅ ግን ሽማግሌውን «የ66 ድርቅ ጊዜ ስንት ዓመትዎ ነበር? የ77ቱ ጊዜስ አግብተው ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። በድርቅ፣ በሰርግ፣ በልጅ ልደት ቆጥሮ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ይህን ችሎታ ኤደንብራ አያስተምርም። ያለዚህ ደግሞ በየዕድሜው ስንት ሰው እንደሚሞት የሚያሳየው የኢትዮጵያ የሞት ሰንጠረዥ አይሠራም።

ሥራው ሌላም ቦታ አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር፣ በአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ አጠገባችን ያለው ተሁለደሬ ነው። አንድ ቤተሰብ በዓመት ስንት ይክፈል የሚለው ስሌት ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚሠራ ሰው ሁሉ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። ይህ 18 በመቶ ከ30 ዓመት በኋላ ይበቃል ወይ ብሎ የሚመረምር አክቹዋሪ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ የሚወርደው ከባድ መኪና፣ ፒያሳ የሚዞረው ባጃጅ፣ ሁሉም የሦስተኛ ወገን መድን አለበት። የሐረጎን ቁልቁለት የሚመላለስ መኪና አረቦኑ፣ ማለትም የመድን ክፍያው፣ ሜዳ ላይ ከሚሠራው እኩል ይሁን ወይ? የደጋው ገበሬ በልግ ሲቀርበት የሚካስ መድንስ? በአገራችን በዝናብ መጠን ላይ የተመሠረተ የሰብል መድን እ.ኤ.አ. በ2009 ትግራይ ውስጥ ተሞክሮ ወደ ክልላችንም መጥቷል። ትልቁ ራስ ምታቱ ሳተላይቱ «ዘንቧል» ሲል የገበሬው ማሳ ደረቅ ሆኖ መገኘቱ ነው። የበልግን ጠባይ ከአያቷ የሰማች ልጅ ይህን ጥያቄ በሌላ ዓይን ታየዋለች።

እርግጥ ነው፣ ዛሬ «አክቹዋሪ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ደሴ ላይ አይለጠፍም። ቅጥሩ በብዛት አዲስ አበባ ነው፤ የሕይወት መድኑ ገበያም ገና ትንሽ ነው። ይህን ለልጅቱ አልደበቅኩም። ግን የሕይወት መድን ሒሳብ በአክቹዋሪ እንዲመረመር ሕጉ ይጠይቃል። አይ ኤፍ አር ኤስ 17 የሚባለው የመድን ሒሳብ መመዘኛም ይህንኑ ሥራ ይጨምራል። ባለሙያው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ለአባትየው ያልኳቸው ይህን ነው። ቦታዋን ለደላላ አይስጡ። ልጅቱ መጀመሪያ የ12ኛ ፈተናዋን ትለፍ። ፍሬሽማን ላይ ካልኩለሷን ትያዝ። ከዚያ ፒ ፈተናን ትሞክር። ካለፈች የውጭውን ስኮላርሺፕ በየዓመቱ እናመለክታለን፤ እኔም አብሬ እቀመጣለሁ።

እሑድ ዕለት ልጅቱ ራሷ መጣች። ከመለማመጃ ጥያቄዎቹ 30 አውጥታ 11 በትክክል ሠርታለች። ገና ካልኩለስ ላልጀመረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያቃታትን አብረን አየን። ከዚያ «ጋሼ፣ የቅሬያችን መዝገብ የት ነው የሚቀመጠው?» አለችኝ። የቅሬው ዳኛ ዘንድ ወሰድኳት። ሀጂ መጀመሪያ ደነገጡ። «የሞተን ሰው ምን ብለሽ ትቆጥሪያለሽ ልጄ?» አሏት። አስረዳቻቸው። ቁልፉን አውጥተው ሳጥኑን ከፈቱላት። የ14 ዓመት መዝገብ ነው፤ በእጅ የተጻፈ። ከትምህርት ቤት መልስ እየሄደች የእያንዳንዱን ዓመት ሞት፣ ዕድሜ እየጠየቀች ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች። እስከ ትናንት አምስት ዓመት ጨርሳለች።